ግማሽ ቦታ በጀርመን

አማካሪዬ ጡረታ ሊወጡ መሆናቸውን የነገሩኝ ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። እኔ የስንዴ ቡቃያዎቼን ውሃ አጠጣለሁ፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን የሸፈነውን እንፋሎት በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከመስታወቱ ውጭ የቶሮንቶ በረዶ ተከምሯል፤ ውስጡ ግን የአዋሽ ሸለቆን ወበቅ ይመስላል።

«ማስተርስሽን ያለ ችግር ትጨርሻለሽ» አሉኝ። «ለዶክትሬት ግን ልቀበልሽ አልችልም። እኔ ስወጣ ላብራቶሪውም ይዘጋል።»

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። የማጠናው የስንዴ ዋግን ነው፤ ቅጠሉና አገዳው ላይ ዝገት የመሰለ ብናኝ እያወጣ አዝመራ የሚያጠፋውን በሽታ። ዋግን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ በቆጂ አጎታችን ዘንድ በእንግድነት ሄደን ነው። ማሳው ውስጥ ስንሯሯጥ ውለን ስንመለስ ነጭ ካልሲዬ ቀይ ሆኗል። አጎታችን ካልሲዬን አይቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። የዚያን ዓመት ከማሳው ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈውም። አድጌ አዲስ አበባ ባዮሎጂ ስማርም፣ አገር ለቅቄ ቶሮንቶ ወንድሜ ዘንድ ከገባሁ በኋላ ትምህርቱን እንደገና ስጀምረውም የአጎታችን ፊት ከሐሳቤ አልጠፋም። ስለዚህ አማካሪዬ ያን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ማን ዘንድ እንደምሄድ ነው። በከተማው ውስጥ ዋግ የሚያጠና ሌላ ሰው አላውቅም ነበር።

እሳቸው ግን ነግረውኝ ብቻ አልተዉኝም። ቢሯቸው ወስደው የሳይንስ መጽሔት ቁልል ፊቴ አስቀመጡ።

«የመጨረሻ ገጾቹን አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

«ማስታወቂያዎቹን? አላውቅም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ ጀምረሽ አንብቢ። በተለይ የጀርመኖቹን ተመልከቺ። እዚያ የዶክትሬት ተማሪ ማለት ሠራተኛ ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ለምርምሩ ገንዘብ ሲያገኝ ማስታወቂያ ያወጣና ሰው ይቀጥራል። ለጽሕፈት ቤት አትጻፊ፤ ለሰው ጻፊ።»

ምክሩን ያን ጊዜ ሰማሁት እንጂ አልገባኝም።

ወንድሜን የምጠራው ጋሼ ብዬ ነው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ወጥቶ ካናዳ የገባ፣ ኤርፖርት ካርጎ ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝም እሱ ነው። ዌስተን፣ ከባቡር ሐዲዱ ፊት ለፊት በሚገኝ አፓርትመንት አብረን እንኖር ነበር። ከሥራ እስኪገባ ጠብቄ ስለ ጀርመን ነገርኩት።

«ጀርመን» አለ፣ የሥራ ጫማውን ክር እየፈታ። «እዚህ ትምህርት ጠፍቶ ነው?»

«የእኔን ትምህርት የሚያስተምር ጠፍቶ ነው።»

«ቋንቋውን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። «እኔ ከሱዳን ወደማላውቀው አገር የተነሳሁት ምርጫ አጥቼ ነው። አንቺ ወረቀት አለሽ፣ ቤት አለሽ። ለምን እንደገና አዲስ ትሆኛለሽ? ይልቅ ኖርዝ ዮርክ ያለውን ሥራ አፕላይ አድርጊ። ፉል ታይም ነው፣ ቤኔፊት አለው።»

ኖርዝ ዮርክ ያለው ሥራ የምግብ ጥራት በሚመረምር ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። ማስታወቂያውን ከጋዜጣ ቆርጦ ፍሪጁ ላይ የለጠፈው ራሱ ጋሼ ነው። ክፉ ሥራ አልነበረም። እሱን ላለማስከፋት አመለከትኩ፤ ጎን ለጎን ግን ወደ ጀርመን መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ደብዳቤ አዘጋጅቼ፣ የተቀባዩን ስም ብቻ እየቀያየርኩ፣ መጽሔቶቹ ጀርባ ላይ ወዳገኘሁት አድራሻ ሁሉ ላክሁ። የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። እነሱም በጣም ጨዋ በሆነ እንግሊዝኛ መልካም ዕድል ይመኙልኛል። በረዶው ሟሟ፣ ዛፎቹ አቆጠቆጡ፣ ማስተርሴን ጨረስኩ፤ የጀርመኑ ነገር ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

ሲስተርን ያገኘኋቸው በዚያ ሰሞን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንጻ ስላልነበረው እሁድ እሁድ የምንሰበሰበው በኪራይ አዳራሽ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ወርደን አብረን እንበላለን። ሲስተር አገር ቤት ነርስ ስለነበሩ ቶሮንቶም ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ሲስተር ብሎ ነው። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ተልከው ነርስነቱን የተማሩት ምሥራቅ ጀርመን ነበር። ካናዳ ግን ፈተናውን በእንግሊዝኛ ካላለፉ ነርስ ሆነው መሥራት አይችሉም፤ እስከዚያው ኖርዝ ዮርክ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት ይሠሩ ነበር። ጀርመን መኖራቸውን እንደሰማሁ ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ እንዲያዝንልሽ ነው ወይስ እንዲቀጥርሽ ነው የምትጽፊለት?»

ፊቴ ቀላ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ መንፈሱ የቀበሌ ማመልከቻ ነበር። መግቢያው ላይ ክቡርነታቸውን አወድሳለሁ፣ መካከሉ ላይ ስደቴን እተርካለሁ፣ መጨረሻው ላይ ትብብራቸውን በትሕትና እለምናለሁ። ስለ ዋግ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«እኔም ስሄድ እንዲህ ነበርኩ» አሉ ሲስተር። «አለቃዬን ባገኘሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አመሰግናታለሁ። አንድ ቀን ‹ምስጋናሽን ተይውና የታካሚው ሙቀት ስንት እንደሆነ ንገሪኝ› አለችኝ። ክፋት አይደለም፣ ጠባያቸው ነው። ሰውየው የጻፈውን አንብቢ። ምን እንዳነበብሽ፣ ምን መሥራት እንደምትችይ፣ እሱ ዘንድ ምን መሥራት እንደምትፈልጊ ጻፊለት። ከዚያ ዝም በይ።»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ማስታወቂያዎቹን ትቼ የማስታወቂያዎቹን ባለቤቶች ሥራ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቹ ከእኔ ሥራ የራቁ ነበሩ፤ መልስ ያልሰጡኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንዲት ፕሮፌሰር ግን ቀድሞ ምሥራቅ ጀርመን በነበረው አካባቢ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለ ተቋም ውስጥ፣ ዋግን ስለሚቋቋሙ አሮጌ የስንዴ ዝርያዎች ይጽፋሉ። ከዘረዘሯቸው ዝርያዎች አንዱ እኔም ግሪንሃውስ ውስጥ የማበቅለው ነበር። እሳቸው ዋግ አይነካውም ብለዋል። እኔ ዘንድ ግን አንድ ክረምት ማሞቂያው ተበላሽቶ አልጠፋ ብሎ ቤቱ ከልክ በላይ በጋለ ጊዜ ያው ዝርያ በዋግ ተመትቷል። በአጋጣሚ መስሎኝ ሆን ብዬ ደገምኩት፤ ሙቀቱ ሲጨምር እንደገና ተመታ። ከመመረቂያ ጽሑፌ ጋር ስለማይሄድ ትቼው ነበር።

ይህንኑ ጻፍኩ። ስደቴንም ክቡርነታቸውንም ሳልጠቅስ፣ ያየሁትን፣ የደገምኩትንና እሳቸው ዘንድ ሄጄ ምክንያቱን መፈለግ እንደምፈልግ ብቻ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ በታች ሆነ። ባዶ መስሎ ስለታየኝ ለመላክ ፈራሁ። ሲስተር አነበቡትና «አሁን ሰው ጻፈው» አሉ።

መልስ ስንጠብቅ ሲስተር ጀርመንኛ ሊያስተምሩኝ፣ እኔም ለነርስነት ፈተናቸው ላግዛቸው ተስማማን። በምሳ ሰዓታቸው በሰብወይ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እየሄድኩ መጦሪያው ቤት አገኛቸዋለሁ። ሕክምናውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚያስቸግራቸው የጥያቄዎቹ አጠማዘዝ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ይናደዳሉ። «የሆነውን ለምን አይጠይቁም?» ይላሉ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየፈታታን በአማርኛ እናወራቸውና ወደ እንግሊዝኛ እንመልሳቸዋለን።

የእኔ ትምህርት ደግሞ ከመጦሪያው ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል ከጦርነቱ በኋላ ካናዳ የገቡ ጀርመኖች አሉ፤ እርጅናው ሲበረታ እንግሊዝኛው እየጠፋባቸው በልጅነት ቋንቋቸው ብቻ የሚናገሩ። ሲስተር በጀርመንኛ ሲያናግሯቸው ፊታቸው ይፈታል። ከእነሱ አንዷ፣ በወጣትነታቸው አስተማሪ የነበሩ ሴትዮ፣ እኔን ተማሪያቸው አደረጉኝ። ስሳሳት የአልጋቸውን ጠርዝ በጣታቸው ይመታሉ፤ እስካስተካክል ድረስ ሾርባቸውን አይነኩም። እንዲህ እያልኩ ደህና አደሩ፣ በረደዎት ወይ፣ ትራስ ልጨምርልዎ፣ መድኃኒትዎን ዋጡ ማለት በሚገባ ቻልኩ።

የፕሮፌሰሯ መልስ በአማካሪዬ ፋክስ የመጣው እንደዚህ እየተማርን ሳለ ነው። አማካሪዬ ራሳቸው ዌስተን ድረስ ደውለው አነበቡልኝ። ፕሮፌሰሯ ለዶክትሬት ተማሪ ግማሽ ቦታ አላቸው፤ በስልክ ሊያነጋግሩኝ ይፈልጋሉ።

የቀጠሮው ዕለት ጋሼ ሺፍቱ ከሰዓት ስለነበር ቤት ነው። ስልኩ ያለው ሳሎን ስለሆነ እሱ ሶፋው ላይ ቁርሱን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ ወለሉ ላይ ወረቀቶቼን ዘርግቼ ተንበረከክሁ። ስልኩ ሲጮህ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት። የፕሮፌሰሯ ድምፅ ጎርነን ያለ፣ እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለ ነበር። ሰላምታው አጭር ነው፤ ወዲያው ወደ ነገሩ ገቡ።

«ያ ዝርያ በሙቀት ሲመታ መጀመሪያ ምን መሰለሽ?»

«ዘሩን ከሌላ ጋር የቀላቀልኩት መሰለኝ።»

«አለመቀላቀሉን እንዴት አወቅሽ?»

ነገርኳቸው። ደግሞ ጠየቁ፣ ደግሞ መለስኩ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ፤ አንዴ ደግሞ አልተስማማሁም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወረቀቶቼን ማየት ተውኩ። ተነስቼ እስከ ስልኩ ገመድ ጫፍ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ እሳቸው ያያሉ ይመስል የቅጠሉን መልክ በጣቴ አየር ላይ እየሣልኩ አወራ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ሥራው አስረዱኝ። «ግማሽ ቦታ የምንለው ደመወዙን ነው» አሉ። «ውሉ የግማሽ ቀን ነው፤ ሥራው ግን ሙሉ ቀን መሆኑን አሁኑኑ ብነግርሽ ይሻላል። እንደ እናንተ አገር ኮርስ የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ትገቢያለሽ። በመካከላችን የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። ዳቦ የሚገዛው ግን በጀርመንኛ ነው። ጥቂት ትችያለሽ?»

«እየተማርኩ ነው።»

«እስቲ አንድ ነገር በይኝ።»

ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የመጦሪያው ጀርመንኛ ብቻ ነበር። እሳቸው ዘንድ ከሰዓት መሆኑን ረስቼ፣ በአስተማሪዬ ቅላጼ፣ ጮክና ረጋ ብዬ፣ «ደህና አደሩ? በረደዎት ወይ? ትራስ ልጨምርልዎ?» አልኳቸው።

ነገሩን ያበላሸሁ መሰለኝ። ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ በሳቅ ፈነዳ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። የት እንደተማርኩት ስነግራቸው ሳቁን ትተው «አዛውንቶቹ ደግ አስተማሪዎች ናቸው» አሉኝ። «አንቺን እፈልጋለሁ። ወረቀትሽን ግን ዩኒቨርሲቲው ማጽደቅ አለበት።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ጋሼ ቁርሱን ሳይበላ ያየኛል።

«ተቀበሉሽ?»

«ወረቀቴ ከጸደቀ።»

ሻዩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «አንቺ እንደዚህ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም» አለ። ቁርሱን መብላት ጀመረ። ሰዓቱ ሲደርስ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ።

የወረቀቱ ነገር ቀላል አልሆነም። ዩኒቨርሲቲው የፈለገው የአዲስ አበባውን የመጀመሪያ ዲግሪና ትራንስክሪፕት ከነማኅተሙ ነው። እኔ ከአገር የወጣሁት አንድ ቦርሳ ይዤ ነው፤ በእጄ ያለው ቶሮንቶ የተመዘገብኩበት የደበዘዘ ፎቶኮፒ ብቻ። ለሬጅስትራሩ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ፕሮፌሰሯ ቦታውን እስከ መከር መጀመሪያ እንደሚያቆዩልኝ፣ ከዚያ በላይ ግን ገንዘቡ እንደሚመለስ በፋክስ አስታወቁኝ።

በዚህ መካከል የኖርዝ ዮርኩ ኩባንያ ኮል አደረገ። ቦታው የእኔ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ቅር የሚያሰኝ ነገር ያልነበረው፣ ብዙ ሰው የሚመኘው ሥራ ነበር። ጋሼ ሥራውን ያዢ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማታ ራት ስንበላ ግን ያለው ሌላ ነው።

«ፈቃዴን አሁን ልውሰደው መሰለኝ» አለ። «እማዬን ላያት።»

አገር ቤት ከወጣ ጀምሮ ተመልሶ አያውቅም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሁሌ ለሚቀጥለው ዓመት እያለ ያስተላልፈው ነበር።

«እግረ መንገዴን» አለ እንጀራውን እየቆረሰ፣ «ያንን ሬጅስትራር አያለሁ።»

የውክልና ወረቀት አዘጋጅቼ ሰጠሁትና ሄደ። ሰኞ ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ ግን ምንም ወሬ የለም። ኖርዝ ዮርክ ሄጄ ጥቂት ሳምንት እንዲጠብቁኝ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ሰው ነበር፤ አዝናለሁ፣ አልችልም አለኝ። አመስግኜው ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ነገርኩት። ከዚያ ያንግ መንገድ ሥር ባለው የሰብወይ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባቡር መጥቶ ሄደ፣ ሌላ መጣ። ያን ቀን በእጄ ሥራም ዶክትሬትም አልነበረም። ሲስተር ዘንድ ሄጄ ያደረግሁትን ስነግራቸው አላጽናኑኝም፣ አልገሠጹኝምም። «በይ የፈተናውን መጽሐፍ አውጪ» አሉኝ፤ ቁጭ ብለን ስለ ኩላሊት አነበብን።

ጋሼ የደወለው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ተገኘ» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለቱም። ከነማኅተሙ።»

ታሪኩን የሰማሁት ሲመለስ ነው። ሬጅስትራሩ ጋ በሄደ ቁጥር ፋይሉ ከሌሎች ጋር ወደ መጋዘን ተወስዷል፣ ነገ ተመለስ ይሉታል። እናታችን ልጇ ከስንት ዓመት በኋላ መጥቶ ቀኑን በሙሉ ከቤት መውጣቱ አናዷት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ሲነግራት ጃንጥላዋን አንስታ አብራው ወጣች። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ወንበር ለምና ተቀመጠች። የመጣ የሄደውን ሁሉ «ልጄ እዚህ ነው የተማረችው፤ ውጤቷ ጥሩ ነበር» እያለች ታጫውታለች። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሁሉም ሲወጣ እሷ አልተነሳችም። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጸሐፊ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ መጣ። «እማማ፣ ይምጡ አብረን እንፈልግ» አላት። ጋሼ አቧራ ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ፣ ማንበብ ባትችልም የእኔን ፎቶግራፍ አይታ «ይቺ ናት» ያለችው እሷ ናት። ጋሼ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ወረቀቱ በፈጣን ፖስታ ሄደ፣ ጸደቀ። እኔ ሳልሄድ ሲስተርም ፈተናቸውን አለፉ። ዜናውን ምድር ቤት ምሳ ላይ ሲነግሩን ሰው ሁሉ እልል አለ። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው ጆሮዬ ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነውንም አገኘሁት» አሉኝ።

ሊሸኙኝ ኤርፖርት የመጡት እሳቸውና ጋሼ ናቸው። ሲስተር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይመክሩኛል፤ ጎረቤት ደረጃ ላይ ስታገኚ ቀድመሽ ሰላም በይ፣ እሁድ ልብስ አታጥቢ፣ ያልገባሽን ገባኝ አትበይ። ጋሼ ሻንጣዬን እንደ ካርጎ ሰው አንዴ አንስቶ መዘነውና «ኦቨርዌይት አይሆንም» አለ። ያቀፈኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ያ ድምፅ ካላቸው ሰው ረጅምና ግዙፍ ሴት ጠብቄ ነበር፤ ትከሻዬ ጋ የሚደርሱ፣ አጭርና ቀጭን ሆነው አገኘኋቸው። በጀርመንኛ «ደህና አደርሽ? በረደሽ ወይ?» ብለው ተቀበሉኝ። መኪናቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ነበር፤ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር ዛሬም አላውቅም።

ሁሉም ሰው ደግ ነበር አልልም። በዚያ አካባቢ የእኔን መልክ ያለው ሰው ብዙም አይታይም፤ አውቶቡስ ላይ ወደ አገርሽ ሂጂ ያሉኝ ነበሩ። የመጀመሪያው ክረምት ጨለማውም ቋንቋውም ከብዶኝ አልቅሻለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ግን ማንም እንደ እንግዳ አላቆየኝም። ባልደረቦቼ አውቶቡስ ላይ የሆነውን ሲሰሙ ምንም ንግግር ሳያደርጉ ተራ ገብተው እየጠበቁ አብረውኝ መሳፈር ጀመሩ። ያ ዝርያ በሙቀት ጊዜ ለምን እንደሚሸነፍ ለማወቅ ዓመታት ፈጀብን። ብዙ ጊዜ ተሳስተናል፤ ፕሮፌሰሯም ከእኔ ጋር ተሳስተው ከእኔ ጋር አርመዋል።

የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሳያልቁ ጨረስኩ። ለመጨረሻው ፈተና ጋሼ ከቶሮንቶ መጣ። ከኋላ ወንበር ላይ ሱፉን ለብሶ፣ አንድም ቃል ሳይገባው፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ እያጨበጨበ አዳመጠ። በዚያ ተቋም ልማድ ዶክትሬቱን ያለፈ ሰው ባልደረቦቹ በእጃቸው የሠሩትን ባርኔጣ ያደርጋል፤ በእጅ ጋሪ ላይ ተቀምጦም ሠፈሩን ይዞራል። ለእኔ የሠሩልኝ ባርኔጣ ዙሪያውን በስንዴ ዛላ ያጌጠ ነበር። ጋሪውን ሊጎትቱ ሲዘጋጁ ጋሼ የሱፉን ኮት አውልቆ ለፕሮፌሰሯ ሰጣቸውና እጀታውን ያዘ። ሊከለክሉት ሞከሩ፤ በምልክት እንቢ አላቸው። ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ላይ ጋሪው እየተንገጫገጨ፣ ሰው በየመስኮቱ ብቅ እያለ እጁን እያወዛወዘልን፣ እኔ እየሳቅሁና እያለቀስሁ፣ ወንድሜ እየጎተተ ዞርን።

ተመልሰን ግቢው ውስጥ ምግብ ስንበላ ጋሼ ተነሳ።

«ተርጉሚልኝ» አለኝ። «እህቴን እንደ ራሳችሁ ሰው ስለያዛችኋት፣ እናቴም ሰላም ትላችኋለች። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰላምታውን ተረጎምኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የማውቀው ጀርመንኛ ሁሉ ጠበበኝ። መጨረሻ ላይ እንዳለው፣ በአማርኛ ደገምኩላቸው። ፕሮፌሰሯ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። ጋሼ ተቀመጠና የድንች ሰላጣ እንድጨምርለት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።